ቤዝመንቱ ቀን ይጨልማል፣ ቆጣሪው ግን ይሮጣል፦ ችግሩና መፍትሄው

ሰሞኑን ጅማ መርካቶ አካባቢ አንድ ሕንጻ ስር ያለ የመኪና ማቆሚያ ቤዝመንት ውስጥ ቆሜ ነበር። ቀትር ላይ ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። አንድ ባጃጅ ቁልቁል ገባና መግቢያው ላይ ቀጥ አለ። ልጁ ዓይኑን እያሸ «መብራት የለም እንዴ?» አለኝ። ከጭንቅላቱ በላይ 40 ፍሎረሰንት በርቷል። ከፊቱ ያለው ምሰሶ ጠርዝ በመኪና ጭረት ቀልቶ፣ ነጥቶ፣ ሰማያዊ ሆኗል።

መግቢያው ለምን ይጨልማል?

ጥፋቱ የአምፖል ማነስ አይደለም። ዓይን ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲገባ ቶሎ አይለምድም። የጣርማ በርን የመንገድ ዋሻ በቀትር ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ከውጭ ሲታይ የዋሻው አፍ ጥቁር ጉድጓድ ነው። ለዚህ ነው በመንገድ ዋሻ ብዙው መብራት አፉ ላይ የሚተከለው። ወደ ውስጥ ሲገባ ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። ማታ ደግሞ ውጭውም ስለሚጨልም የአፉ ተጨማሪ መብራት ይጠፋል።

እኛ ጋ ግን ሁሉም በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ታስሮ 24 ሰዓት ይበራል። ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንት ከአሮጌ ባላስቱ (የቲዩቡን ኤሌክትሪክ ከሚመጥነው ዕቃ) ጋር 45 ዋት ገደማ ይበላል። 40ው በቀን 43 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው።

መፍትሄው መስመሩን መክፈል ነው። 10 ባለ 18 ዋት ኤልኢዲ አፉ ላይ ሰብስቡ፣ ቀን ብቻ ይብሩ። ሌሎች 14 ተመሳሳይ ኤልኢዲዎች ውስጥ ተበትነው ቀንም ሌሊትም ይብሩ። 12 ሰዓት ቀን ብለን ብናሰላ፣ ድምሩ በቀን ከ8 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አያልፍም።

ፎቶሴል አስገብተን መግቢያው ቀን ጠፋ

ይህ በጣም ያጋጥማል። ፎቶሴሉ፣ ብርሃን እያየ የሚያበራና የሚያጠፋው መሣሪያ፣ የተገጠመው እንደ መንገድ መብራት ነው፤ ሲመሽ ያበራል፣ ሲነጋ ያጠፋል። የመግቢያው መብራት የሚፈልገው ግን ግልባጩን ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ፎቶሴሉን ከኮንታክተር (በኤሌክትሪክ ከሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ጋር ያገናኘው፣ አምፖሎቹን ደግሞ ኮንታክተሩ ሳይሠራ ዝግ ከሚሆነው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ከሚያሳልፈው ጫፍ ይውሰድ። ያኔ ሲነጋ ይበራል፣ ሲመሽ ይጠፋል።

ኤልኢዲ ቀይረንም ደብዝዟል

ግድግዳውን በጣታችሁ ዳስሱት። ጥቁር ጥላሸት ከወጣ፣ መብራቱን የሚውጠው እሱ ነው። እጥበትና ኖራ ከአዲስ አምፖል ይረክሳል። እስከ ሰው ቁመት ድረስ ነጭ ይሁን፤ ሾፌር ምሰሶንም ሰውንም የሚለየው ከነጩ ላይ ነው። አምፖሎቹንም በየጊዜው ጥረጉ።

ከውጭ በኩል ግን ተቃራኒውን አድርጉ። ከመግቢያው በላይ ያለው ነጭ ግንብ ዓይን ይወጋል፣ ውስጡንም የባሰ ያጨልመዋል። ዋሻ ሠሪዎች አፉ ዙሪያ ዛፍ ይተክላሉ፣ ጠቆር ያለ ቀለምም ይቀባሉ። ጅማ ዝናብ አይነፍገንም፤ ሐረግ ብትለቁበት በአጭር ጊዜ ይሸፍነዋል። ቁልቁለቱ ላይም ጉብታ ሥሩ። ቀስ ብሎ ለሚገባ ሾፌር ያነሰ ብርሃን ይበቃዋል።

ቲዩቡ ብልጭ ድርግም ይላል

ፍሎረሰንት ከሆነ መጀመሪያ ስታርተሩን ቀይሩ። አዲስ ኤልኢዲ ቲዩብ ከሆነ ግን አሮጌው ባላስት መስመሩ ላይ ቀርቶ ይሆናል። ብሬከሩን አውርዱ፣ ባለሙያ ጠርታችሁ ባላስቱን አስወጡት።