መበለት ሸረሪትን እንዴት መለየት፣ ማሳደግና ያለ አደጋ መላክ ይቻላል?

ላትሮዴክተስ በሚባለው ወገን ውስጥ የሚመደቡት መበለት ሸረሪቶች ከ30 በላይ ዝርያዎች አሏቸው። ከእነዚህ መካከል በአፍሪካ በስፋት የምትገኘውና ከሰው መኖሪያ ጋር የተላመደችው ቡናማዋ መበለት፣ በሳይንሳዊ ስሟ ላትሮዴክተስ ጂኦሜትሪከስ፣ ናት፤ በጅማ እነዚህን ሸረሪቶች የሚፈልግ ሰውም አስቀድሞ ሊያስባት የሚገባው እርሷን ነው። አሳዳጊው ምን እንደያዘ ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። ይበልጥ የሚያሰጋው መኖሯ ያልተነገረው ሰው ነው፤ ይኸውም ክፍሉን የሚጠርገው፣ መደርደሪያውን የሚነካካው ሕፃን፣ ጥቅሉን ከአውቶቡስ የሚያወርደው ረዳት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ ከሸረሪቷ ምቾት አስቀድመው የእነዚህን ሰዎች ደኅንነት ይመለከታሉ።

መለየት

ፍለጋውን ከሸረሪቷ ሳይሆን ከድሯ መጀመር ይሻላል። መበለት ሸረሪት ክብና የተስተካከለ ድር አትዘረጋም። ድሯ የተዘበራረቀ ሲሆን፣ ከእርሱ ወደ መሬት የሚወርዱት ክሮች ጫፋቸው ላይ ተጣባቂ ፈሳሽ አለባቸው፤ በቀጭን እንጨት ሲነካም ከተራ የቤት ሸረሪት ድር በጣም የጠነከረ መሆኑ ወዲያውኑ ይታወቃል። በጅማ ግቢዎች ውስጥ የተደረደሩ ጀሪካኖችን፣ ያረጁ ጎማዎችን፣ የፕላስቲክ ወንበሮችን የታችኛውን ገጽ፣ የቆርቆሮ አጥርን ጥግና የማገዶ ክምርን መመልከት ይቻላል። የሚታየው በባትሪ ብርሃን እንጂ እጅ በመስደድ አይደለም። ከጨለመ በኋላ ሸረሪቷ ከመደበቂያዋ ወጥታ በድሯ ላይ ተገልብጣ ስለምትንጠለጠል፣ በሆዷ ሥር ያለው ምልክት ሳትነካ ይታያል።

ያደገች ሴት እግሮቿን ሳይጨምር ከ8 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ የኋላ አካሏ ድቡልቡል ነው። ቀለሟ ከግራጫማ ቡናማ እስከ ጥቁር ሊደርስ ይችላል፤ እግሮቿ ጠቆርና ነጣ ያሉ ቀለበቶች ይታዩባቸዋል። ከሆዷ በታች ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች በጫፋቸው ተጋጥመው የተሠሩ የሚመስል ብርቱካናማ ወይም ቀይ ምልክት አለ። ይህ ምልክት በወጣቶቹ ላይ ደብዛዛ ሊሆን ስለሚችል፣ ያላደገች ሸረሪትን በቀለም ብቻ መፈረጅ አይገባም። ለጀማሪ ከሁሉ ይልቅ አስተማማኙ ምልክት የእንቁላል ከረጢቷ ነው፤ የቡናማዋ መበለት ከረጢት ዙሪያውን በትናንሽ እሾህ መሰል ጉጦች የተሸፈነ ሲሆን፣ የብዙዎቹ እኅት ዝርያዎቿ ከረጢት ግን ልሙጥ ነው።

ሁለት ዓይነት ሸረሪቶች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ስቴቶዳ የሚባሉት በቅርጽ በጣም ይመሳሰሏታል፤ ሆኖም ከሆዳቸው በታች ያ ቀይ ምልክት የላቸውም፤ በብዙዎቹም ላይ በኋላ አካላቸው ፊት ለፊት ነጣ ያለ ቅስት ይታያል። ሁለተኛዋ በሞቃታማው አፍሪካ በቤት ግድግዳና በጣሪያ ክፈፍ ላይ ትልቅ ድር የምትዘረጋው ኔፊሊንጊስ ናት። የእርሷ ቀይ በደረቷ ላይ፣ በእግሮቿ መካከል እንጂ በሆዷ ላይ አይደለም። ብዙ ሰው «ቀይ አየሁ» ብሎ የሚገድላት ይህችን ምስኪን ሳይሆን አይቀርም። ዝርያን በእርግጠኝነት ለመለየት ግን የአዋቂ ሴት የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

ማሳደግ

ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ክዳኑ በመዞር የሚገጠም፣ የሚያሳይ የፕላስቲክ ዕቃ ለአንዲት ሸረሪት ይበቃል። ክዳኑን በጋለ ቀጭን መርፌ ይብሱት። ከከረጢቱ የሚወጡት ልጆች እጅግ ደቃቃ በመሆናቸው እንቁላል ከተጣለ በኋላ ቀዳዳዎቹን ከውስጥ በጥቅጥቅ ስስ ጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል። በውስጡ ደረቅ ቅርንጫፎች በሰያፍ ይቀመጣሉ፤ እነዚህ ቅርንጫፎች ክዳኑን መንካት የለባቸውም፤ ምክንያቱም ድሩ ከክዳኑ ጋር ከተያያዘ ዕቃው በተከፈተ ቁጥር ሸረሪቷ ወደ እጅ ትቀርባለች። በዕቃው ላይ «መርዛማ ሸረሪት» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል፤ ዕቃውም በቁልፍ በሚዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። በቤቱ የሚኖርና የሚሠራ ሁሉ እንዲያውቅ ይደረጋል። ይህን ለቤተሰቡ መናገር የሚከብደው ሰው ባያሳድግ ይሻላል።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀኑ ሙቀት ይስማማታል፤ በበጋ ሌሊቶች ግን ዕቃውን ከመስኮት ማራቅ ይበጃል። በዚህ ከተማ የበለጠ የሚያስቸግረው እርጥበቱ ነው። ዝናቡ ረጅም ወራት ስለሚቆይ፣ ውኃ አብዝቶ መርጨት ሻጋታ ያመጣል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ጥቂት ጠብታ በድሩ ላይ ማሳረፍ በቂ ነው፤ በክረምት ከዚያም ይቀነሳል።

ምግቧ ዝንብ፣ ፌንጣና ትንንሽ በረሮ ሲሆን፣ ከሆዷ የማይበልጥ አንድ ነፍሳት በየ7 እስከ 10 ቀናት ይበቃታል። ፍሊት ከተነፋበት ወይም ለወባ መከላከያ ኬሚካል ከተረጨበት ቤት የተያዘ ነፍሳት ፈጽሞ አይሰጥም። ምግብ የሚገባውም ሆነ ትርፍራፊ የሚወጣው በረጅም ወረንጦ ነው። ሸረሪቷን በመዳፍ ላይ አስቀምጦ ፎቶ መነሣት ስለ እንስሳዋ የሚያሳየው አንዳች ነገር የለም፤ ንክሻ የሚደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ ሸረሪቷ በሰው ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ፣ በጫማ ወይም በልብስ ውስጥ ስትታፈን ነው።

አንድ ከረጢት ከ100 በላይ እንቁላል ሊይዝ ስለሚችልና አንዲት ሴት በዕድሜዋ ብዙ ከረጢት ስለምትሠራ፣ የማይፈለገውን ከረጢት በወረንጦ አውጥቶ፣ በተዘጋ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ ለጥቂት ቀናት ማቆየት ይገባል። ልጆቹን ወደ ግቢ መልቀቅ በጎረቤት ላይ መፍረድ ነው።

ንክሻ ቢደርስ

የመበለት ሸረሪቶች መርዝ በነርቭ ጫፎች ላይ ይሠራል። ሕመሙ ከተነከሰው ቦታ ተነሥቶ ይሰራጫል፤ ላብ፣ የጡንቻ መኮማተርና የሆድ መደንደን ሊከተሉ ይችላሉ። የቡናማዋ መበለት ንክሻ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ነው፤ ሞትም በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ቦታውን በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ መያዝ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ወደ ቅርብ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ በተለይ የተነከሰው ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አረጋዊ ከሆነ። መብጣት፣ መምጠጥና ማሰር አይረዱም። የሆዱ መደንደን የቀዶ ሕክምና ሕመም ሊመስል ስለሚችል፣ የሸረሪቷን ማንነት ለሐኪሙ በግልጽ መናገር ትልቅ ጥቅም አለው።

መላክ

የሚላከው ዝርያዋን ለማስለየት ብቻ ከሆነ በሕይወት መላክ አያስፈልግም። ከላይና ከሆዷ በታች የተነሣ ጥራት ያለው ፎቶ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ካልበቃ ደግሞ የሞተች ሸረሪት ከ70 እስከ 80 በመቶ በሆነ አልኮል ውስጥ ትቀመጣለች። አልኮል ተቀጣጣይ በመሆኑ በአውሮፕላን ለመላክ አስቀድሞ ማስታወቅ ግድ ነው።

በሕይወት ያለችን ሸረሪት በተራ ፖስታ መላክ አይቻልም። የዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት ደንብ እንደ ንብና የሐር ትል ላሉ ጥቂት እንስሳት ብቻ ይፈቅዳል፤ መበለት ሸረሪት ከእነዚህ ውስጥ የለችም። በአየር የሚጓጓዝ ሕያው እንስሳ የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የሚያወጣውን የሕያው እንስሳት ደንብ ማሟላት አለበት። ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ ለመላክ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የጄኔቲክ ሀብት ያለ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ከአገር ስለማይወጣ፣ ጥቅሉ ከመዘጋጀቱ በፊት ኢንስቲትዩቱን መጠየቅ ይገባል። በአገር ውስጥ፣ ለምሳሌ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው አዲስ አበባ፣ ከሁሉ የሚሻለው አሳዳጊው ራሱ ይዞ መሄዱ ነው። ምን እንደያዘ ለማያውቅ ረዳት «ዕቃ ናት፣ አድርስልኝ» ብሎ መስጠት ነውር ነው።

ሲታሸግ እያንዳንዷ ሸረሪት ለብቻዋ ትሆናለች፤ አብረው የታሸጉ ይበላላሉና። ለላቦራቶሪ ናሙና የሚያገለግለው ባለ ክዳን ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ለዚህ ተስማሚ ነው። ክዳኑ በመርፌ ይበሳል፤ ዕቃው ሸረሪቷ እንዳትንገላታ በላላ ሁኔታ በተጨማደደ ደረቅ ሶፍት ይሞላል፤ ሸረሪቷ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ወደ ውስጥ ትገፋለች፤ ክዳኑም ቀዳዳዎቹ ሳይሸፈኑ ዙሪያውን በፕላስተር ይታሸጋል። ይህ ዕቃ በስፖንጅ ተደግፎ ሌላ ጠንካራና አየር የሚያስገባ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ዕቃ ቢሰበር እንኳ ሁለተኛው ያግዳል። ከጉዞው ሁለትና ሦስት ቀን በፊት ምግብ አይሰጣትም፤ ቅርፊቷን ለመጣል የተቃረበች ሸረሪትም አትላክም። በውጭው ሣጥን ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ «ሕይወት ያላት መርዛማ ሸረሪት፣ አይክፈቱ» ተብሎ ከላኪውና ከተቀባዩ ስልክ ጋር ይጻፋል።

ተቀባዩ ሣጥኑን የሚከፍተው በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ በነጭ ሰፊ ሳፋ ላይ ነው። ውስጠኛውን ዕቃ ከመክፈቱ በፊት በባትሪ አብርቶ ሸረሪቷ የት እንዳለች ያያል፤ ካልታየችው አይከፍትም። በመንገድ ላይ እንቁላል ጥላ ሊሆን ስለሚችል ሶፍቱ እጥፋት በእጥፋት በወረንጦ ይፈተሻል፤ ላኪውም የላካቸው ሸረሪቶች በሙሉ መድረሳቸውን ተቀባዩ ቆጥሮ በስልክ እስኪያረጋግጥለት ድረስ ኃላፊነቱ አይወርድለትም።