የጽዋ ማኅበር አመሠራረትና አያያዝ

ቅዳሴ አስቀድሶ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ወደ ቤቱ መመለስን የለመደ ምእመን፣ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ከጸሎት ሲርቅም «ምነው ጠፋህ?» የሚለው ወንድም ያጣል፤ ብቻውን የቀረ እምነት ደግሞ ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል። አባቶቻችን ለዚህ ካቆዩልን መፍትሔዎች አንዱ፣ አባላት በየወሩ በመረጡት የበዓል ቀን በየተራ እየደገሱ የሚሰበሰቡበት የጽዋ ማኅበር ነው።

በቅድሚያ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። በአጥቢያው አባል የሚቀበል ማኅበር ካለ አዲስ ከማቋቋም እዚያው መግባት ይሻላል። ከሌለ ግን 12 ያህል ሰዎች ይበቃሉ፤ ተራው ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ስለሚደርሰው ማንንም አይከብድም። ከዚያ ወር በገባ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን ወይም በ27 መድኃኔ ዓለምን መርጣችሁ፣ «ሙሴ» የሚባል የማኅበሩን መሪ ሰይሙ።

ብዙ ማኅበር የሚፈርሰው በድግስ ፉክክር ነው። አንዱ ፍሪዳ ሲጥል አቅም የሌለው ተረኛ አፍሮ ይቀራል፤ ስለዚህ ዝክሩ ዳቦ፣ ጠላና ንፍሮ ብቻ እንዲሆን ከመጀመሪያው ተስማሙ፣ ጾም ላይ ሲውልም የጾም ምግብ ይቅረብ። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ከባረኩ በኋላ ጠበል ጸዲቁ ከመቅመሱ ጋር አጭር ትምህርት ይሰጥ፤ በመጨረሻም ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ በምርቃት ይተላለፍ።

ከሁሉ ይልቅ የቀረውን ሰው መፈለግ አይዘንጋ። ሁለት ወር ያልታየ አባል ቤቱ ተሂዶ ይጠየቅ፤ ቅጣት ማስከፈል ግን ይበልጥ ያርቀዋል። በውጭ አገር የምትኖሩና በሥራ ቀን መሰብሰብ የማይመቻችሁ፣ ዝክሩን በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማድረግ ትችላላችሁ።