የሰበቃ ሙከራ እንቢ ሲል፦ ለወላጆችና ለመምህራን ችግርና መፍትሄ

ሰበቃን፣ ማለትም ፍትጊያን፣ ለልጆች ማሳየት ቀላል ይመስላል። ጣውላ ማዘንበል፣ ዕቃ ማንሸራተት፣ «አያችሁ፣ ሻካራው ይይዛል» ማለት። ዕቃዎቹ ግን ሁልጊዜ መጽሐፉ እንዳለው አይሆኑም። ያኔ ብዙ አዋቂ «እንዲህ መሆን ነበረበት» ብሎ ያልፈዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ልጁ ያየውን አይቷል፤ ያየው ነገርም ምክንያት አለው። ምክንያቱን አብሮ መፈለግ ከትርጉም ሽምደዳ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ለስላሳ ጣውላ ወይም ትልቅ ትሪ፣ የክብሪት ቀፎ፣ የብር ማሰሪያ ላስቲክ፣ ማስመሪያ፣ ሳንቲሞች፣ ላጲስ፣ ፎጣ፣ ጥቂት አሸዋ። የብርጭቆ ወረቀት ካገኛችሁ ጥሩ፤ ካላገኛችሁም አይቅርባችሁ።

«ሁሉም እኩል ወረደ!»

ሳሙናው፣ ላጲሱ፣ የክብሪት ቀፎው፣ ሁሉም ዱብ ዱብ አሉ። ልጆቹም ልዩነት አላዩም።

ምክንያቱ ጣውላው በጣም መዘንበሉ ነው። ያን ያህል ሲያዘነብል የስበት ጉተታው ሰበቃውን ሁሉ ያሸንፋል።

ጣውላውን መሬት ላይ አስተኙት። ዕቃዎቹን በአንድ መስመር ደርድሩ። ከዚያ ከአንዱ ጫፍ ሥር ደብተር በደብተር እየጨመራችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱት። እያንዳንዱ ዕቃ መንሸራተት ሲጀምር የጣውላውን ጫፍ ከፍታ በማስመሪያ ለኩና ጻፉ። ዘግይቶ የተንቀሳቀሰው ሰበቃው የበዛው ነው። ብዙውን ጊዜ ላጲሱ የመጨረሻ ይሆናል። ጣውላውን አታንኳኩ፤ ንዝረት ዕቃውን ከጊዜው በፊት ያስነሳዋል። ደግማችሁም ሞክሩ፣ አንድ ልኬት አይታመንም።

«ከባዱ ለምን ቀድሞ አልወረደም?»

ይህ ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ነው። አንዱን የክብሪት ቀፎ ባዶ አድርጉ፣ ሌላውን ሳንቲም ሙሉበት። ግማሹ ክፍል «ከባዱ ይቀድማል» ይላል፣ ግማሹ «ከባዱ ይይዛል» ይላል። ሁለቱ ግን በተቀራረበ ከፍታ ላይ ይነሳሉ። ልጆቹ ግራ ይጋባሉ፤ መምህሩም ሙከራው የተበላሸ ይመስለዋል።

አልተበላሸም። ሳንቲሞቹ ሁለት ነገር አደረጉ። ቀፎውን ወደ ታች የሚስበውን ኃይል ጨመሩ፤ ቀፎው ጣውላውን የሚጫንበትንም ኃይል በዚያው ልክ ጨመሩ። ሰበቃ ደግሞ በመጫኑ ልክ ያድጋል። ሁለቱ ጭማሪዎች ስለሚጣጡ ክብደቱ በአዘንባዩ ጣውላ ላይ ለውጥ ሳያመጣ ይቀራል።

የክብደትን ውጤት ማሳየት ከፈለጋችሁ ወደ ሜዳማ ጠረጴዛ ውረዱ። ላስቲኩን በቀፎው ላይ አስራችሁ አግድም ጎትቱ። ባዶው ሲጎተት ላስቲኩ ትንሽ ይለጠጣል፤ ሙሉው ሲጎተት ብዙ። እዚህ ስበት በጉተታው አይረዳችሁም፣ ስለዚህ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ሁለቱንም ሙከራ በአንድ ቀን አሳዩ። አንዱን ብቻ ያየ ልጅ ግማሽ እውነት ይዞ ይሄዳል።

«ላስቲኩ ይለጠጥና ቀፎው ይዘላል፤ መለካት አልቻልንም»

የቆመን ነገር ለማስነሳት የሚያስፈልገው ኃይል፣ ከተነሳ በኋላ ለማስኬድ ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ላስቲኩ ለማስነሳት ተለጠጠ፤ ቀፎው ሲነሳ ሰበቃው በድንገት ቀነሰ፤ የተረፈው ጉተታ አስፈነጠረው። ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን ገፍቶ የሚያውቅ ይህን ያውቃል። የመጀመሪያዋ ግፊት ናት የምትከብደው።

መፍትሄው ሁለት ልኬት መውሰድ ነው። አንደኛው ከመነሳቱ በፊት ላስቲኩ የደረሰበት ትልቁ ርዝመት፣ ሁለተኛው ቀፎው በዝግታ ሲሄድ ያለው ርዝመት። አንድ ልጅ ይጎትት፣ ሌላው ማስመሪያውን ይመልከት። አሁንም ከዘለለ ቀጭን ላስቲክ ቀይራችሁ በጣም ቀስ ብላችሁ ጎትቱ።

«ለስላሳ ነገር ሁሉ ያንሸራትታል»

ልጅቷ ይህን ብላ ከደመደመች ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ምሳሌያችን ጠቦ ነው። ነጠላ ጫማ አምጡና ደረቅ ሴራሚክ ላይ አስጎትቷት። ሴራሚኩ ለስላሳ ነው፣ የጎማው ሶል ግን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ሰበቃ የአንድ ዕቃ ጠባይ ሳይሆን የሁለት ገጾች ጉዳይ ነው። ደግሞም ጉድጓድና ጉብታ ብቻ አይደለም፤ ገጾቹ በጣም ሲቀራረቡ ቅንጣቶቻቸው ይሳሳባሉ። ጎማ ተለማጭ ስለሆነ በቀላሉ ተጠግቶ ይጣበቃል።

ስለዚህ «ሻካራ ነው ወይስ ለስላሳ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ምን በምን ላይ?» በሉ። ካልሲ በሴራሚክ ላይ፣ ካልሲ በምንጣፍ ላይ፣ ነጠላ ጫማ በሴራሚክ ላይ። አንዱን ብቻ ቀይሩ፣ ሌላውን ተዉት። ብዙ ሙከራ የሚበላሸው ሁለት ነገር አንድ ላይ ስለሚቀየር ነው።

«ውሃ አንዴ ያንሸራትታል፣ አንዴ ይይዛል»

እርጥብ ሴራሚክ ያንሸራትታል። ብር የሚቆጥር ሰው ግን ጣቱን የሚያረጥበው ብሩን እንዲይዝለት ነው። ልጆች ይህን ሲያነሱ ደስ ይበላችሁ፤ ጥሩ እያዩ ነው።

ልዩነቱ በመጠኑ ነው። ብዙ ውሃ በሁለቱ ገጾች መካከል ገብቶ ይለያያቸዋል። ትንሽ እርጥበት ግን ቆዳን አለስልሶ ከወረቀቱ ጋር ያጣብቃል። የመኪና ጎማ ጥርስ የተሠራውም ለዚህ ነው፤ በዝናብ ቀን ውሃውን ወደ ጎን እያስወጣ ጎማው አስፋልቱን እንዲነካ ያደርጋል።

በአሸዋ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ያምራል። በግብፅ፣ ከዛሬ 3,900 ዓመት ገደማ በፊት በተሠራው የጀሁቲሆቴፕ (የአንድ አካባቢ ገዥ) መቃብር ውስጥ አንድ ሥዕል አለ። ብዙ ሰዎች ግዙፍ ሐውልት በሸርተቴ (መንኮራኩር በሌለው ማጓጓዣ) ሲጎትቱ፣ አንዱ ከፊት ቆሞ አሸዋው ላይ ፈሳሽ ሲያፈስ ያሳያል። በ2014 እ.ኤ.አ. የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በትንሹ ሞከሩት። አሸዋው በልኩ ሲረጥብ የሚያስፈልገው ጉተታ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ደረቅ አሸዋ ከሸርተቴው ፊት ይከመራል፤ በልኩ የረጠበ አሸዋ ግን እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠነክራል። ውሃው ከበዛ ጥቅሙ ይጠፋል። ይህን በትሪ፣ በአሸዋና ሳንቲም በሞላው ቀፎ ሞክሩት፦ ደረቅ፣ እርጥብ፣ የጨቀየ። ከቀፎው ፊት የሚከመረውን አሸዋ ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል።

«በጎን ሲሆን ይቀላል»

ጡብን በሰፊ ጎኑም ሆነ በጠባቡ ብትጎትቱት ሰበቃው ያው ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ አሞንቶን ይህን በ1699 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ልጆቹ ልዩነት ካገኙ የጡቡን ጎኖች ዳስሱ፤ አንደኛው ይበልጥ ሻካራ ሊሆን ይችላል።

«ኳስ ሰበቃ የላትም» እና «ግፊቱ አለቀ፣ ስለዚህ ቆመ»

እነዚህ ሁለቱ አብረው ነው የሚመጡት። ብይ ከአንድ ዝቅተኛ ጣውላ ወደ ፎጣ፣ ወደ ምንጣፍ፣ ወደ ሴራሚክ ልቀቁ። ፎጣው ቶሎ ያቆማታል፣ ሴራሚኩ ሩቅ ይሰዳታል። የለቀቃችኋት ከአንድ ከፍታ ስለሆነ መነሻ ፍጥነቷ አንድ ነው፤ የተለየው ወለሉ ነው። የሚያቆማት ነገር እየቀነሰ ቢሄድ እስከ የት ትሄዳለች? ጋሊሊዮ ያሰበው ይህን ነበር፤ ኒውተንም በ1687 እ.ኤ.አ. «የሚያቆመው ከሌለ የሚሄድ ነገር መሄዱን ይቀጥላል» ብሎ ሕግ አድርጎ አሰፈረው። ልጆቹ እንዲገምቱ ጊዜ ስጧቸው፤ ቶሎ አትመልሱላቸው።

የሚንከባለል ነገር የሚገጥመው ሰበቃ ከሚንሸራተተው በጣም ያነሰ ነው እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ከመጽሐፍ ሥር ክብ እርሳሶች ደርድራችሁ ግፉት። የሰፈር ልጆች የሚሠሯት የኩሽኔታ ጋሪ የምትከንፈውም በዚህ ነው። ኩሽኔታው ውስጥ ትንንሽ ኳሶች ይንከባለላሉ፤ ግራሶው ደግሞ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ ያደርጋል።

«ክፍል ውስጥ ገባቸው፣ ቤት ግን አያዩትም»

ሙከራው የተሠራው በትምህርት ዕቃ ብቻ ስለሆነ ነው። እውነተኛ የተበላሸ ነገር ስጧቸው። እንቢ ያለ የጃኬት ዚፕ ጥርሱን በሻማ ወይም በደረቅ ሳሙና ያሹት። የተጣበቀ የእንጨት መሳቢያም እንዲሁ። ሶሉ አልቆ የሚያንሸራትት ጫማ ከአዲሱ ጋር ያወዳድሩ። መጀመሪያ «ሰበቃው እዚህ ይብዛ ወይስ ይነስ?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሱ ለዚፕና ለሶል ይለያያል። ወደ ብስክሌት ስትሄዱ ሰንሰለቱን ዘይት መቀባት ይችላሉ፣ የፍሬኑን ጎማና የፍሬኑ ጎማ የሚነካውን የቸርኬ ጠርዝ ግን ዘይትም ሻማም እንዳይነካው ከጎናቸው ሆናችሁ ጠብቁ። ከነካው በሳሙና ታጥቦ ሳይደርቅ ማንም አይንዳው።