"ገብቶኛል" የሚለው ስሜት እንዳይሸውዳችሁ፦ ለሚያጠናም ለሚወስንም

አንዴ ለፈተና ሳጠና ኖቴን አራቴ አነበብኩት። አራቴ! በሃይላይተር ብዛት ገጹ ላይ ነጭ ቦታ አልቀረም ነበር። ፈተና ገብቼ ጥያቄውን ሳየው መልሱ የቱ ገጽ ላይ እንዳለ ጥርት ብሎ ይታየኛል፣ በግራ በኩል፣ ከላይ፣ ከስዕሉ ስር፣ ቢጫ የተቀባው፣ ሁሉም ነገር አለ፣ የተጻፈው ነገር ብቻ የለም። ስወጣ ሰነፍ ስለሆንኩ ነው ብዬ ራሴን ስረግም ከረምኩ፣ በኋላ ሳስበው ግን ሰነፍ ሰው አራቴ አያነብም እኮ። ለፍቻለሁ፣ ልፋቱ ነው ያለቦታው የገባው።

ከዛ በኋላ ነው የኮግኒቲቭ ሳይንስ ነገር ማንበብ የጀመርኩት፣ ማለትም ሰው እንዴት እንደሚማር፣ እንዴት እንደሚያስታውስ፣ እንዴት እንደሚወስን በሙከራ የሚያጠኑት ሰዎች ሥራ፣ እና ካነበብኩት ውስጥ ሞክሬ የሠራልኝን ልንገራችሁ። ማጥናትንና መወሰንን አንድ ላይ ያረግኩት ሆን ብዬ ነው። ሁለቱም ላይ ጉድ የሚሠራን ያው አንድ ስሜት ነው፣ "ገብቶኛል፣ እርግጠኛ ነኝ" የሚለው። ይሄ ስሜት የሚመጣው ነገሩ ቀለል ሲለን ነው፣ ቀለለን ማለት ደሞ ቻልነው ማለት አይደለም።

ደብተሩን ዝጉት

በ2006 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ የሳይኮሎጂ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን አራት ዙር ሙሉ ደጋግሞ አነበበው። ሌላው አንድ ዙር ብቻ አነበበና የቀረውን ሦስት ዙር ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ወረቀት ላይ ሲጽፍ ቆየ፣ በቃ ይሄው ነው ልዩነቱ። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ግን ያነበቡት 40 በመቶ ላይ ወረዱ፣ ሲጽፉ የነበሩት 61 ያዙ። እኔን የገረመኝ ሌላው ነገር ነው፣ ከሳምንት በኋላ ምን ያህል ታስታውሳላችሁ ተብለው ሲጠየቁ በራሳቸው የበለጠ የተማመኑት ያነበቡት ናቸው። ልክ እንደኔ ቢጫ ገጽ ማለት ነው።

ስለዚ አደራረጉ እንዲህ ነው። አንድ ክፍል አንብቡ፣ ረጅም አታርጉት፣ ከዛ ደብተሩን ዝጉና ባዶ ወረቀት አውጡ። ለምሳሌ ደም በልብ ውስጥ እንዴት እንደሚዞር ነው ያነበባችሁት እንበል። መጻፍ ትጀምራላችሁ፣ ከሰውነት የተመለሰው ደም በቀኝ የላይኛው ክፍል ይገባል፣ ወደ ቀኝ የታችኛው ይወርዳል፣ ከዛ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ኦክስጅን ይይዛል፣ ከሳንባ ተመልሶ ደግሞ... እዚህ ጋ እስክሪብቶው ይቆማል። ስታነቡት እኮ ፏ ብሎ ነበር ያለፈው! አሁን እጃችሁ ወደ ደብተሩ ይሄዳል፣ አትክፈቱት። አንድ ሁለት ደቂቃ ታገሉት፣ ገምታችሁም ቢሆን ጻፉ፣ እና ከግምታችሁ አጠገብ ከ10 ስንት እርግጠኛ እንደሆናችሁ ቁጥር አስቀምጡ። "በቀኝ ይገባል፣ 8" ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። ከዛ ክፈቱ። በግራ የላይኛው ነው ለካ።

ቁጥሩን የምታስቀምጡት ለጌጥ አይደለም። በ2001 በተርፊልድና ሜትካፍ ያሳዩት ነገር አለ፣ ሰው በእርግጠኝነት የተናገረው ነገር ስህተት መሆኑን ሲነገረው፣ ጠርጥሮ ከተሳሳተው ይልቅ ያንን እርማት የበለጠ ይይዘዋል። ድንጋጤዋ ታስፈልጋለች ማለት ነው። 8 ብላችሁ የተሳሳታችሁትን ቶሎ አትረሱትም፣ እኔ የልቧን ነገር እስካሁን አልረሳኋትም።

እርማቱን በሌላ ቀለም ጻፉት፣ በሚቀጥለው ዙር ከዛ ቀለም ነው የምትጀምሩት። ሃይላይተራችሁን ጣሉት አልልም ግን በ2013 ዱንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የአጠናን ዘዴዎችን ሲገመግሙ ማስመርና ደጋግሞ ማንበብ ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው ተርታ ነው የገቡት፣ ራስን መፈተንና ጥናቱን በቀናት መበታተን ከላይ። ያው ብዙዎቻችን ተቃራኒውን ነው የምናረገው።

የመበታተኑን ነገር በአጭሩ ልበለው፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ያውቀዋል ማንም አያረገውም። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ቃላት ራሱ ላይ እየሞከረ እንዴት እንደሚረሱ በ1885 አሳትሟል፣ የምናስታውሰው መጀመሪያ በፍጥነት ይወርዳል፣ ከዛ መውረዱ እየቀነሰ ይሄዳል። ጥያቄው መቼ ልመለስበት የሚለው ነው። በ2008 ሴፔዳና ጓደኞቹ ከ1,350 በላይ ሰው ላይ ሞክረው ያገኙት፣ መልሱ ነገሩን እስከመቼ እንደምትፈልጉት ይወሰናል። ለሳምንት ከሆነ በማግስቱ መከለስ፣ ለዓመት ከሆነ ሦስት ሳምንት አካባቢ ቆይቶ መመለስ። ስትመለሱ ግማሹ እንደጠፋ ሲሰማችሁ አትደንግጡ፣ ጠፍቶ መፈለጉ ነው ሥራው።

ጥያቄዎቹን ቀላቅሉ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከጥናት ወደ ውሳኔ የሚያሻግረው ድልድይ እሱ ነው ብዬ ስለማስብ። በ2007 ሮረርና ቴይለር ተማሪዎችን የአራት ያልተለመዱ ቅርጾችን ይዘት ማስላት አስተማሩ። ግማሾቹ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጨርሰው ነው ወደ ሚቀጥለው የሚሄዱት፣ ግማሾቹ ደሞ አራቱም ተደበላልቆ ነው የሚመጣላቸው። ልምምዱ ላይ የተደረደረላቸው 89 በመቶ አገኙ፣ የተቀላቀለባቸው 60 ብቻ። እዚህ ላይ ብናቆም ማን ጎበዝ እንደሆነ አውቀናል አይደል? ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ የተደረደረላቸው 20 በመቶ፣ የተቀላቀለባቸው 63።

ለምን ብትሉኝ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ተደርድሮ ሲመጣ የትኛውን ፎርሙላ ልጠቀም ብላችሁ አታስቡም፣ ያለፈውን ትደግማላችሁ። ፈተና ላይ ግን ማንም መጥቶ "ይሄ የምዕራፍ 3 ጥያቄ ነው" አይላችሁም። መለየቱ ራሱ መለማመድ ያለበት ችሎታ ነው፣ መለየት ደሞ መወሰን ማለት ነው። ስለዚ መልመጃ ስትሠሩ ከየምዕራፉ ሁለት ሁለት ጥያቄ ቆርጣችሁ አደባልቁ፣ እና ከመሥራታችሁ በፊት "ይሄ የምን ዓይነት ነው፣ ለምን?" የሚለውን በአንድ መስመር ጻፉ። ስኮራችሁ ይወርዳል፣ ያናድዳል፣ እወቁት ብዬ ነው። ቢዮርክ የሚባለው ተመራማሪ እንዲህ ዓይነቱን "ተፈላጊ ችግር" ይለዋል፣ ሁሉም ችግር ተፈላጊ ነው ማለት ግን አይደለም፣ መሠረቱን ጭራሽ ያላወቀ ሰው ላይ መቀላቀል ማደናገር ብቻ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን አንድ ሁለቴ ሠርታችሁ ከዛ ቀላቅሉ።

(በነገራችን ላይ "እኔ በማየት ነው የምማረው፣ አንተ በመስማት" የሚለውን ተዉት። በ2008 ፓሽለርና ባልደረቦቹ ማስረጃውን ፈትሸው ትምህርትን በዛ መሠረት መከፋፈልን የሚደግፍ በቂ ነገር አላገኙም። ሰው ምርጫ አለው፣ እሱ ልክ ነው፣ በምርጫው ስለተማረ ብቻ ግን የተሻለ ይማራል ማለት አይደለም።)

ስትወስኑ ደሞ

ትቨርስኪና ካህነማን በ1981 ያወጡት ጥያቄ አለ። በሽታ መጥቶ 600 ሰው ሊሞት ነው፣ ሁለት አማራጭ አለ። በመጀመሪያው 200 ሰው በእርግጠኝነት ይድናል፣ በሁለተኛው ሁሉም የሚድኑበት አንድ ሦስተኛ ዕድል አለ፣ ማንም የማይድንበት ሁለት ሦስተኛ። 72 በመቶው እርግጠኛውን መረጠ። ለሌላ ቡድን ያንኑ ጥያቄ "400 ሰው ይሞታል" ብለው አቀረቡት፣ አሁን 78 በመቶው ቁማሩን መረጠ። ከ600 200 ዳነ ማለትና 400 ሞተ ማለት ያው አንድ ነገር ነው እኮ! ግን ማትረፍ ሲባል ጥንቁቅ እንሆናለን፣ ማጣት ሲባል እንደፍራለን።

ከዚህ የምትወስዱት አንድ ልማድ ነው፣ ትልቅ ውሳኔ ሲሆን ነገሩን በሁለቱም በኩል ጻፉት። "ኦፕሬሽኑ 90 በመቶ ይሳካል" ከተባላችሁ ከስሩ "ከ10 ሰው አንዱ ላይ አይሳካም" ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱን ስታነቡ ልባችሁ የተለያየ ነገር ካለ ገና አልወሰናችሁም ማለት ነው፣ ቃሉ ነው እየወሰነላችሁ ያለው።

ሁለተኛው ጋሪ ክላይን በ2007 የጻፈበት ዘዴ ነው፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። ወስናችሁ ልትጀምሩ ስትሉ ቁጭ በሉና እንዲህ አስቡ፦ ዓመት አልፏል፣ ነገሩ ከሽፏል፣ ሊከሽፍ ይችላል ሳይሆን ከሽፎ አልቋል፣ ለምን ከሸፈ? አሥር ደቂቃ ጻፉ። "ችግር ይኖረው ይሆን?" ብሎ ከመጠየቅ ይሄ ይለያል፣ በተለይ በቡድን ሲሆን፣ ምክንያቱም እቅዱን የሚጠራጠር ሰው ሟርተኛ እንዳይባል አፉን ይዘጋል፣ እዚህ ግን መክሸፉ አስቀድሞ ስለታወጀ ጥሩ ምክንያት ያመጣ ሰው ነው ጎበዝ የሚባለው።

ታዲያ ውስጤ የነገረኝን ልተወው? አይ። ካህነማንና ክላይን በዚህ ጉዳይ ለዓመታት ተቃራኒ ጎራ ነበሩ፣ በ2009 አብረው ጻፉና የተስማሙት፣ የውስጥ ስሜት የሚታመነው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፣ ነገሩ የራሱ ሥርዓት ያለው ከሆነና ሰውየው በቂ ልምምድና ቶሎ የሚመጣ ፊድባክ ካገኘ። የቼዝ ተጫዋች ያገኛል፣ ልምድ ያለው ነርስ ያገኛል። የአክሲዮን ዋጋ ነገ ይወጣል ይወርዳል የሚለው ሰው አያገኝም፣ ምንም ያህል ዓመት ቢሠራበት። ስለዚ "ውስጤ ነገረኝ" ስትሉ ጥያቄው ይሄ ነው፣ ይሄ ውስጤ እስካሁን ስንቴ ታርሟል?

የውሳኔ ደብተር

እዚህ ጋ ሁለቱ ይገናኛሉ። በ1997 ሹልትዝ፣ ዳያንና ሞንታግ ያወጡት ሥራ አለ፣ የጦጣ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል የሚለቁት ሴሎች ያልተጠበቀ ሽልማት ሲመጣ ይቀሰቀሳሉ፣ የተጠበቀው ሲመጣ ከመደበኛው አይለወጡም፣ የተጠበቀው ሲቀር ደሞ ከመደበኛው በታች ይወርዳሉ። ማለትም አንጎል የሚማረው ከጠበቀውና ካገኘው ልዩነት ነው። ችግሩ በኑሮ ውስጥ የጠበቅነውን እናጠፋዋለን። ፊሽሆፍ በ1975 እንዳሳየው ሰው ውጤቱን ካወቀ በኋላ ቀድሞም የገመተው ይመስለዋል፣ "እኔ ብዬ ነበር" የምንለው ማለት ነው። ልዩነቱ ከጠፋ ምን እንማር?

መድኃኒቱ ጽፎ ማስቀመጥ ነው፣ አጭር ነገር። የኔ አንዱ እንዲህ ይላል፦ "የስድስት ወሩን ኮርስ ልመዘገብ ነው። ምክንያቴ ማታ ማታ ጊዜ አለኝ። በሦስተኛው ወር ግማሹን እጨርሳለሁ፣ 85 በመቶ እርግጠኛ ነኝ። ስሜቴ፣ ዛሬ ሥራ ላይ ተናድጃለሁ።" ሦስት ወር ሆኖት ስከፍተው ከሃያ ትምህርት አራቱ ላይ ነበርኩ፣ እና ያስደነገጠኝ አራት መሆኑ ሳይሆን የመጨረሻዋ መስመር ናት። ተናድጄ መመዝገቤን ፈጽሞ ረስቼው ነበር፣ ብትጠይቁኝ ተረጋግቼ አስቤበት ነው ብዬ እምል ነበር።

አንድ ጥንቃቄ ግን፣ ውጤቱ ስለተበላሸ ብቻ ውሳኔው መጥፎ ነበር አትበሉ፣ ስላማረም ጥሩ ነበር አትበሉ። ባሮንና ሄርሺ በ1988 ሰዎች ያንኑ የሐኪም ውሳኔ በሽተኛው ሲድን ጥሩ፣ ሲሞት መጥፎ እያሉ እንደሚመዝኑት አሳይተዋል። ስትመዝኑ ያኔ የነበራችሁን መረጃ ብቻ እዩ፣ ለዛ ነው ምክንያቱን የምትጽፉት።

ደሞ ይሄን ሁሉ ስል ሳይንሱ አይሳሳትም እያልኩ አይደለም። ራስን የመግዛት አቅም እንደ ባትሪ ያልቃል የሚለው ሐሳብ ለዓመታት ሲወራ ነበር፣ በ2016 ከ20 በላይ ላቦራቶሪዎች አንድ ላይ ሲደግሙት ውጤቱ ዜሮ አካባቢ ሆነ። ከላይ የነገርኳችሁ ራስን መፈተንና መበታተን ግን ስንቴ ተደግመው ቆመው የቀሩ ናቸው፣ የቀሩትን ሞክራችሁ እዩ።

ደብተሩን መጀመር ቀላል ነው፣ ተመልሶ መክፈት ነው የሚከብደው። ጎልቪትዘር በ1999 የጻፈው ዘዴ እዚህ ይሠራል፣ "እከፍተዋለሁ" ሳይሆን "እንዲህ ሲሆን እንዲህ አረጋለሁ" ብሎ መወሰን። የኔ እንዲህ ነው፣ የወሩ መጀመሪያ እሁድ ጠዋት ቡናዬን ስቀዳ ደብተሩን እከፍታለሁ፣ ከመክፈቴ በፊት ደሞ ባለፈው ምን ጽፌ እንደነበር በሌላ ወረቀት ገምቼ እጽፋለሁ። እስካሁን አንዴም አልገጠመልኝም።