የጤና ኢንሹራንስ መረጃዎ ከተሰረቀ፦ ችግርና መፍትሄ

አሜሪካ ለምንኖር ሰዎች የሕክምና መረጃ ስርቆት ብርቅ ዜና መሆኑ ቀርቷል። በ2015 ከአንቴም ኢንሹራንስ ወደ 79 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች መረጃ ተወሰደ። በ2024 ደግሞ የሕክምና ክፍያ የሚያስተናግደው ቼንጅ ሄልዝኬር ተጠቃ፤ 190 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተነካ። ዜናውን መልመዳችን ግን ያሳስበኛል። የባንክ ካርድ ቢሰረቅ በአንድ ስልክ ይዘጋል። የተወለዱበት ቀንና የሕመም ታሪክዎ ግን አይቀየሩም፤ ሌባው ከዓመታት በኋላም ሊሠራባቸው ይችላል።

ከማያውቁት ድርጅት ደብዳቤ መጣ

አይጣሉት። ሆስፒታሎችና ኢንሹራንሶች የክፍያ ሥራቸውን ለሌላ ድርጅት ይሰጣሉ። ስለዚህ ስሙን ሰምተው የማያውቁት ኩባንያ ፋይልዎን ይዞ ሊሆን ይችላል። ሂፓ የሚባለው የፌዴራል ሕግም ስርቆቱ ከታወቀ ቢበዛ በ60 ቀን ውስጥ እንዲነግሩዎት ያስገድዳል።

ደብዳቤው ውስጥ ምን ምን እንደተወሰደ የሚናገረውን ክፍል ይፈልጉ። ሶሻል ሴኩሪቲ ወይም የኢንሹራንስ ቁጥር ካለበት ነገ አይበሉ። እውነተኛነቱን ለማጣራት በኢንሹራንስ ካርድዎ ጀርባ ባለው ቁጥር ይደውሉ። ነፃ የክሬዲት ክትትል ከሰጡዎት ቀኑ ሳያልፍ ይመዝገቡ። ግን እሱን ብቻ ተማምነው አይቀመጡ። ክትትሉ የሚያየው ክሬዲትዎን እንጂ የሕክምና ፋይልዎን አይደለም።

ያልታከሙት ሕክምና በስምዎ ተጽፎ መጣ

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ኢንሹራንሱ ከሕክምና በኋላ የሚልከው፣ «ይህ ቢል አይደለም» የሚል የተጻፈበት ወረቀት አለ፤ ኢኦቢ ይሉታል። ብዙዎቻችን ቢል አይደለም ስለሚል ሳናነበው እንጥለዋለን። ሌባ ቶሎ የሚጋለጠው ግን በዚያ ወረቀት ነው። ቀኑን፣ የሐኪሙን ስምና የተሰጠውን አገልግሎት ይመልከቱ።

የማያውቁት ነገር ካዩ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ቢሮው ተሳስቷል፣ ወይ ሌላ ሰው በቁጥርዎ ታክሟል ወይም አስከፍሏል። መጀመሪያ ክሊኒኩ የክፍያ ክፍል ይደውሉ። ስህተት ከሆነ እንዲያርሙት ይጠይቁ፤ የታረመውንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ስህተት ካልሆነ ኢንሹራንሱ ማጭበርበርን ከሚከታተለው ክፍል ጋር እንዲያገናኝዎት ይጠይቁ። አዲስ የአባልነት ቁጥርና እስካሁን በስምዎ የተከፈለውን ሁሉ ዝርዝር ያስልኩ።

ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ ጉዳዩ አላለቀም። የሌላ ሰው የደም ዓይነት፣ አለርጂ ወይም መድኃኒት በፋይልዎ ውስጥ ከቀረ፣ ድንገተኛ ክፍል የገቡ ቀን ሐኪሙ ያንን አምኖ ሊያክምዎት ይችላል። ስለዚህ የክሊኒኩን ፋይል ቅጂ ይጠይቁ፤ በሕጉ መሠረት በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጡዎት ይገባል። ስህተቱ እንዲታረም በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የደብዳቤውን ቅጂም ያስቀምጡ። አንዳንድ ቦታ «የሌላ ሰው ገመና ስላለበት አናሳይም» ይሉዎታል። እሺ ብለው አይመለሱ። የታካሚዎችን ጉዳይ የሚከታተለውን ሰው ያነጋግሩ፤ ካልሆነ ለፌዴራሉ ጤና ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤት ይበሉ።

እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎችና ኢንሹራንሶች አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ልጆች እንዲያስተረጉሙ ባናደርግ እመርጣለሁ።

ዕዳ ሰብሳቢ ያላወቁትን የሕክምና ቢል ጠየቀ

ትንሽ ከፍዬ ልገላገል አይበሉ፤ ዕዳውን እንዳመኑ ሊያስቆጥርብዎት ይችላል። የዕዳውን ዝርዝር የያዘው ማስታወቂያ በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ዕዳው የእርስዎ አለመሆኑን በጽሑፍ ያሳውቁ። ያኔ ማረጋገጫ እስኪልክልዎት ድረስ መሰብሰቡን ማቆም አለበት። አይደንቲቲቴፍት ዶት ጎቭ (IdentityTheft.gov) የተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይም ሪፖርት ያድርጉ። ሪፖርቱን ለሰብሳቢውም፣ ለክሊኒኩም ያሳያሉ።

«ከኢንሹራንስዎ ነው የምደውለው» የሚል ስልክ

ደዋዩ የሐኪምዎን ስም፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሳይቀር ሊያውቅ ይችላል። ይህ እውነተኛነቱን አያሳይም፤ የተሰረቀው መረጃ እጁ ገብቶ ይሆናል። ይዝጉትና ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር እርስዎ ይደውሉ። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ያላቸው አረጋውያን ወላጆቻችን በተለይ ይነገራቸው። የሚያናግራቸውን ሰው ፊት መንሳት ስለሚከብዳቸው፣ «ነፃ የጉልበት መደገፊያ እንላክልዎት» ለሚል ሰው ቁጥራቸውን ይሰጣሉ። ቁጥሩ ከወጣ 1-800-633-4227 ደውለው አዲስ እንዲሰጣቸው ይጠይቁ።

ምንም ምልክት የለም፣ ግን መረጃዬ ወጥቷል

ክሬዲትዎን ፍሪዝ ያድርጉ፤ ማለትም ሌባ በስምዎ አዲስ ብድር እንዳይከፍት ያስቆልፉት። ከሴፕቴምበር 2018 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ በነፃ ነው፤ የክሬዲት ውጤትዎንም አይቀንስም። የክሬዲት መዝገብ የሚይዙት ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ለየብቻ ናቸውና ሦስቱም ጋ ይሂዱ፤ አንዱ ለሌላው አይነግርለትም። ብድር ሲፈልጉ በኦንላይን ወይም በስልክ ከጠየቁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይከፍቱልዎታል። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም ወላጅ ማስደረግ ይችላል። ልጅ ክሬዲት ስለማይጠይቅ የተሰረቀ ቁጥሩ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል፤ ስለዚህ ቢያስደርጉ ይሻላል። ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ ደግሞ አይፒ ፒን የሚባል ባለ 6 አሃዝ የምስጢር ቁጥር ይውሰዱ፤ ያለሱ በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ በኦንላይን ታክስ ማስገባት አይቻልም። ፒኑ በየዓመቱ ስለሚቀየር ታክስ ከመሥራትዎ በፊት የዓመቱን መያዝዎን ያረጋግጡ።