ከጆግጃ አባቶች ጋር እንዴት ይመሻል?

ኢንዶኔዥያ፣ ዮግያካርታ (ባጭሩ ጆግጃ) ውስጥ ጎረቤት ማወቅ ከፈለጋችሁ ካፌ አትሂዱ። ማታ የሰፈሩ መጠበቂያ ጎጆ ብቅ በሉ። «ፖስ ሮንዳ» ይሉታል። የጆግጃ አባቶች ሰፈር የሚጠብቁት በተራ ነው። ሥራ ውለው፣ ልጅ አስተኝተው፣ ሽርጣቸውን አገልድመው ይመጣሉ።

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ትኩስ የ«ቴምፔ» ጥብስ ይበቃል፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ነው። ቃሪያ አይረሳ፤ አንድ ጉርሻ ጥብስ፣ አንድ ንክሻ ቃሪያ ነው አበላሉ። በቀኝ እጅ ስጡ። ታላቅን በስሙ ብቻ መጥራት ነውር ነው፤ «ፓክ» በሉ፣ እንደኛ «ጋሼ» ማለት ነው።

ከዚያ ቡናው፣ «ኮፒ ቱብሩክ»። ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ብርጭቆ ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ቡና፣ አንድ ማንኪያ ስኳር። የፈላ ውሃ ይቸለስበታል። አንዴ ይማሰልና አራት ደቂቃ ያህል ተከድኖ ይቀመጣል። ዱቄቱ ቀስ እያለ ይዘቅጣል። ከዚህ በኋላ ማንኪያ እንዳትነኩ። ካቃጠላችሁ ሰሃኑ ላይ ገልብጣችሁ ፉት በሉ፤ ሽማግሌዎቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። ታች ያለውን ተዉት። እኔ የመጀመሪያ ቀን ጨልጬው አተላው ጉሮሮዬን ያዘኝ። መምህሩ ምንም ሳይሉ ውሃ አቀበሉኝ። ያቺን ደግነት አልረሳትም። ቶና፣ በረካ የለም፤ አንዷ ብርጭቆ እስከ እኩለ ሌሊት ትቆያለች። እኛ ሦስቴ እንደምናፈላ ስነግራቸው በጣም ገረማቸው።

ዶሚኖ ይጫወታሉ፣ «ጋፕሌ» ነው ስሙ። ባትችሉም ተቀመጡ።

ወሬ ካለቀባችሁ ስለ ወፍ ጠይቁ። በድሮው የጃቫ አባባል ለሙሉ ወንድ አምስት ነገር ያስፈልገዋል፦ ቤት፣ ሚስት፣ ፈረስ፣ ወፍና «ክሪስ» የሚባለው ጩቤ። ፈረሱ ዛሬ ሞተር ሳይክል ሆኗል። ወፏ ግን አለች። መምህሩ «ፐርኩቱት» የምትባል ትንሽ እርግብ አላቸው። በጠዋት ከነቀርከሃ ቤቷ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ በገመድ ይስቧታል። ከታች ሆነው አንገታቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ። ድምጿ ሲሰማ ፊታቸው ይበራል። እኔም አሁን ያቺን ድምፅ ሳልሰማ ቀኔ የጀመረ አይመስለኝም።

ሌሊት ላይ ለዙር ይነሳሉ። በየደጁ ትንሽ ጣሳ ተንጠልጥላለች፤ ውስጧ እፍኝ ሩዝ ወይም ሳንቲም ይቀመጣል። «ጂምፒታን» ይባላል፣ ለሰፈሩ ወጪ ይውላል። እድራችንን ያስታውሰኛል። እናንተም ተነሱና ተከተሏቸው። ባትሪውን ያዙላቸው።