ፎቶና ቪዲዮ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር በኬብል እንዴት እንገለብጣለን?

ስልካችሁ ሞልቶ አዲስ ፎቶ አላነሳም ካለ፣ ምንም ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ብሉቱዝ ለአንድ ሁለት ፎቶ ካልሆነ ለሠርግ ቪዲዮ አይሆንም፤ ቀኑን ሙሉ ያስቀምጣችኋል። ቴሌግራም ደግሞ «እንደ ፋይል ላክ» ካላላችሁት የፎቶውን ጥራት ይቀንሰዋል፣ ፓኬጅም ይበላል። በኬብል ሲሆን ግን ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ፎቶውም እንደተነሳ ይደርሳል። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ኔትወርክ የሚያስቸግርበት ቀን ስላለ እኔ ከኬብል ሌላ አላምንም።

1. ኬብሉን ለዩ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ኬብሉን ሰካን፣ ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን ምንም የለም። እኔም በዚህ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አጥፍቻለሁ። ላፕቶፑን ደጋግሜ አጥፍቼ አበራሁ፣ ስልኩን ሪስታርት አደረግኩ፣ ጭራሽ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ላስጭን ተነስቼ ነበር። ጥፋቱ የኬብሉ ነበር።

ያ ኬብል ቆይቶ አንገቱ ላይ ሲበጠስ ልጬ አየሁት። ውስጡ ያሉት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ ቀይና ጥቁር። እነዚህ ኤሌክትሪክ ነው የሚያስተላልፉት። ፋይል ለማስተላለፍ ሌሎች ሁለት ሽቦዎች ያስፈልጋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴና ነጭ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ስልኩና ኮምፒውተሩ መነጋገር አይችሉም። ከውጭ ሲታይ ግን ሁለቱ ኬብሎች አንድ ናቸው።

ስለዚህ እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ «የቻርጅ ብቻ ነው ወይስ ዳታም ያስተላልፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተቻለ እዚያው ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት። ከስልኩ ጋር ከካርቶኑ የወጣው ኬብል ካለ ከሁሉም እሱ ይሻላል፤ ለማንም አታውሱት።

ኬብሉ ደህና ሆኖም እየተቆራረጠ ካስቸገረ የስልኩን ቀዳዳ በባትሪ እያበራችሁ እዩ። የድሬ አቧራ ከኪስ ብናኝ ጋር ተጠቅጥቆ ኬብሉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያደርጋል። ስልኩን አጥፉና በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ቀስ ብላችሁ አውጡት። መርፌና ሌላ ብረት አታስገቡ።

2. ሰክታችሁ ስልኩን ክፈቱ

ስክሪኑ ተቆልፎ ከሆነ ኮምፒውተሩ ስልኩን ቢያውቀውም ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ይታያል። ፓተርኑን ወይም ፒኑን አስገቡ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ጎትታችሁ ስለ ዩኤስቢ የሚለውን ኖቲፊኬሽን ንኩት። ዘመናዊ አንድሮይድ ስልኮች ሲሰኩ በራሳቸው የሚመርጡት ቻርጅ ማድረግን ብቻ ነው። ይህ ለእናንተው ጥበቃ ነው፤ ቻርጅ ላድርግ ብላችሁ የሰው ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩ ፎቶዎቻችሁ እንዳይታዩ ነው። እናንተ «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን ምረጡ።

አይፎን ከሆነ «ይህን ኮምፒውተር ታምነዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የራሳችሁ ኮምፒውተር ከሆነ እሺ በሉትና ፒኑን አስገቡ። አንድሮይድን ከአፕል ማክ ጋር ለምታገናኙ ግን ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል።

3. ፎቶዎቹን ፈልጉ

ዊንዶውስ ላይ «ዲስ ፒሲ» (This PC) የሚለውን ስትከፍቱ የስልካችሁ ስም ይመጣል። በካሜራ ያነሳችሁት «ዲሲአይኤም» (DCIM) የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። ዋትሳፕ ላይ የተላከላችሁ እዚያ የለም። በአዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች «አንድሮይድ» የሚለውን ፎልደር፣ ቀጥሎ «ሚዲያ»፣ ቀጥሎ የዋትሳፕ ስም ያለበትን እየከፈታችሁ ግቡ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ስልኩን ፎርማት አድርጎ የልጆቹን ፎቶ ያጣል።

4. ኮፒ አድርጉ፣ ከት አታድርጉ

ይህን አደራ የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ሐረር ጀጎል ያለችው አያቴ ሙዳይ ስትሰፋ ረጅም ቪዲዮ ቀርጬ ነበር። አለላውን እያሳየች የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ታስረዳኛለች፤ መሃል ላይ ወስፌውን አስቀምጣ ሆጃዋን ፉት ትላለች። ስልኩ ስለሞላ ቶሎ ቦታ እንዲለቅ ብዬ ከት አደረግኩ። ኮምፒውተሩ ባለ ባትሪ አልነበረም። ሥራው ሳያልቅ መብራት ጠፋ።

መብራት ሲመጣ ቪዲዮው ስልኩ ላይ የለም። ኮምፒውተሩ ላይ ስሙ አለ፣ ግን አይከፈትም። ኮምፒውተር ፋይል ሲቀበል ለጊዜው ሚሞሪው ላይ ይዞ ቆይቶ ነው ዲስኩ ላይ የሚያሰፍረው። በዚያ መሃል መብራት ከሄደ ደረሰ የተባለው ሳይደርስ ይቀራል። ከት ደግሞ ከስልኩ ላይ ቀድሞ አጥፍቶታል። ለባለሙያ ሰጥቼ አልተመለሰም። አያቴ በዚያው ዓመት አረፈች፤ ድምጿ ያለበት ሌላ ቪዲዮ የለኝም።

ኮፒ ብታደርጉ ግን መብራት ቢጠፋም ኬብሉ ቢነቀልም ዋናው ስልኩ ላይ አለ። ዴስክቶፕ ከሆነ የምትጠቀሙት ይህ ለእናንተ በጣም ያስፈልጋል። ሁሉንም በአንዴም አትጫኑት፤ ብዙ ሺህ ፎቶ ሲሆን መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ሁለት መቶ ሦስት መቶ እያደረጋችሁ ገልብጡ።

5. ሳታረጋግጡ አታጥፉ

ስልኩ ላይ ያለውንና ኮምፒውተሩ ላይ የደረሰውን ፋይል ብዛት አስተያዩ። ከዚያ ረጅሙን ቪዲዮ ክፈቱና ወደ መጨረሻው ጎትታችሁ እዩት፤ የተቆረጠ ቪዲዮ መጀመሪያው ደህና ሊመስል ይችላል። የማይተካ ነገር ከሆነ ፍላሽ ላይም አንድ ቅጂ አስቀምጡ። ስልኩ ላይ ያለውን የምታጠፉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በኬብል ገብታችሁ ከኮምፒውተሩ ላይ የስልኩን ፋይል ስታጠፉ «ሪሳይክል ቢን» ውስጥ አይገባም፤ በዚያው ይሄዳል።

ከኮምፒውተር ወደ አንድሮይድ ስልክ ዘፈንና ፊልም ለመጫንም መንገዱ ይኸው ነው። ሚሞሪ ካርድ ላይ ስትጭኑ አንድ ትልቅ ፊልም አልገባም ካለ የካርዱን ፎርማት እዩ፤ «ፋት 32» የሚባለው ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ካርዱ ባዶ ቢሆንም አይቀበልም። «ኤክስፋት» ላይ ፎርማት ሲደረግ ይገባል፤ ግን ፎርማት ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ መጀመሪያ ያለውን ገልብጡ።